የተዋጠ ሁሉ አይፈጭም

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በሚያወርደው ቁልቁለት ዙሪያ፣ ቀጋ ያልወጋው እረኛ ማግኘት ይከብዳል። የቀጋ እሾህ ጫፉ ቆልመም ያለ ነው፤ ሲገባ ይቀለዋል፣ ሲወጣ ግን ቆዳ ይዞ ነው። አባቶች በአንገታቸው ወረንጦ የሚያንጠለጥሉት ለዚህ ነው። ወረንጦው እሾሁን ከነቀለው ጉዳዩ እዚያው አለቀ። ጫፉ ተሰብሮ ከውስጥ ከቀረ ግን ተረከዙ በማግስቱ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ይጠዘጥዛል። ቀን ሲጨምር መግል ይቋጥራል። መግሉ ሲፈነዳ የተሰበረችው የእሾህ ጫፍ ብዙ ጊዜ አብራ ትወጣለች።

መግሉን ጠርገን እንጥለዋለን፤ ቆሻሻ ይመስለናል። መግል ግን በአብዛኛው ሥራቸውን ሠርተው የሞቱ የገዛ ሰውነታችን ሕዋሳት ክምችት ነው። ሥራቸው ደግሞ መዋጥ ነበር። በሳይንስ ቋንቋ ፋጎሳይቶሲስ ይባላል፦ አንድ ሕዋስ ባክቴሪያን፣ የሞተ ሕዋስን ወይም የአቧራ ቅንጣትን ከውጭ አቅፎ፣ በራሱ ሽፋን ጠቅልሎ ወደ ውስጡ የሚያስገባበት አሠራር።

ስለ ነጭ የደም ሕዋሳት ሲጻፍ ጦር፣ ዘብ፣ ምሽግ የሚሉ ቃላት መደርደር ተለምዷል። እኔ ይህን አነጋገር አልወደውም፤ አንባቢውን ያሳስታል። ወታደር ጠላቱን ከጣለ ሥራው አልቋል። ለዋጭ ሕዋስ ግን ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዋጠ በኋላ ነው። የዋጠውን መፍጨት አለበት። በአገራችን ከምናውቃቸው ከባድ በሽታዎች ውስጥ ጥቂት የማይባሉት የሚነሱት ሕዋሱ መዋጥ አቅቶት ሳይሆን፣ በትክክል ዋጥ አድርጎ መፍጨቱ ሲያቅተው ነው።

መጀመሪያ በደህናው ጊዜ ምን እንደሚሆን እንይ፤ ወደ ተረከዙ እንመለስ።

እሾህ ብቻውን አይገባም፤ ከላዩ ያለውን አፈርና ባክቴሪያ ይዞ ነው የሚገባው። የተቀደዱት የቆዳ ሕዋሳት ይዘታቸውን ያፈሳሉ። እዚያው በቆዳው ሥር የሚኖሩ ነባር ሕዋሳት ይህን ሲቀምሱ የኬሚካል መልእክት ይለቃሉ። በዙሪያው ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ መቅላቱና መሞቁ ከዚህ የመጣ ነው። ግድግዳቸው ላላ ይልና ፈሳሽ ያሾልካል፤ ማበጡም ከዚህ ነው። በደም ውስጥ ሲዘዋወሩ የነበሩት ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ ሕዋሳት እዚያ ሲደርሱ በሥሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፣ እየተንከባለሉ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፣ ከዚያም በግድግዳው ሕዋሳት መካከል ሾልከው ይወጣሉ። መቅኔያችን በየቀኑ አንድ መቶ ቢሊዮን ገደማ ኒውትሮፊል ይሠራል። ቁጥሩ የበዛው ዕድሜያቸው አጭር ስለሆነ ነው፤ ከደም ወጥተው ሥራ ከጀመሩ ከአንድ ሁለት ቀን እምብዛም አያልፉም።

ኒውትሮፊሉ የኬሚካሉ መጠን ወደሚበረታበት አቅጣጫ እየተሳበ ይሄዳል። ባክቴሪያው ላይ ሲደርስ በገላው ላይ ያሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች ባክቴሪያውን ይይዛሉ። በተነካው ቦታ ሥር አክቲን የሚባለው ፕሮቲን ክር እየሆነ ይዘረጋና ሽፋኑን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሽፋኑ በባክቴሪያው ግራና ቀኝ ወጥቶ ያቅፈዋል፤ ጫፍና ጫፉ ሲገናኝ ይገጥማል። አሁን ባክቴሪያው ከሕዋሱ ሽፋን በተሠራ ከረጢት ተጠቅልሎ ውስጥ ገብቷል። በማይክሮስኮፕ ለሚመለከት ሰው ይህ ሁሉ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ታሪኩ ያለቀ ይመስለዋል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ግን ገና በሕይወት አለ። ሕዋሱ ውስጥ ኢንዛይም የታጨቀባቸው ሌሎች ትንንሽ ከረጢቶች አሉ፤ ማክሮፌጅ በሚባለው ሌላ ዋጭ ሕዋስ ውስጥ ያሉት ላይሶሶም ይባላሉ፣ በኒውትሮፊል ውስጥ ያሉት ደግሞ እንክብል የመሰሉ ናቸው። እነዚህ ባክቴሪያውን ከያዘው ከረጢት ጋር ተዋሕደው ይዘታቸውን ያፈሱበታል። ኢንዛይሞቹ የባክቴሪያውን ግድግዳና ፕሮቲን ይቆራርጣሉ። ማክሮፌጅ የከረጢቱን ውስጥ ቀስ በቀስ አሲድ ያደርገዋል። ኒውትሮፊል ደግሞ ኦክሲጅንን ወስዶ ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለውጣል፤ ከዚያም ማይሎፐርኦክሲዴዝ በሚባል ኢንዛይም አማካይነት ከክሎራይድ ጋር አገናኝቶ ሃይፖክሎረስ አሲድ ይሠራል። ይህ በበረኪና ውስጥ ተሕዋስያንን የሚገድለው ያው ኬሚካል ነው፤ ልብስ የምናነጣበት፣ የጤና ጣቢያ ወለል የሚታጠብበት። መግል አንዳንድ ጊዜ አረንጓዴ የሚመስለውም ማይሎፐርኦክሲዴዝ ቀለሙ አረንጓዴ ስለሆነ ነው። ኦክሲጅንን ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መለወጥ የማይችል ኒውትሮፊል ይዘው የሚወለዱ ልጆች አሉ። ሕዋሶቻቸው ባክቴሪያውን ደህና አድርገው ይውጣሉ፤ ብዙዎቹን ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ግን መግደል ስለማይችሉ ልጆቹ ከእብጠት ወደ እብጠት፣ ከሳንባ ምች ወደ ሳንባ ምች ሲመላለሱ ይኖራሉ።

መዋጡን መጀመሪያ በትክክል ያነበበው ሰው ኤልያ ሜችኒኮቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 መጨረሻ በሲሲሊ ደሴት በመሲና ከተማ የባሕር ኮከብ እጮችን ያጠና ነበር። እጮቹ ገላቸው እንደ መስተዋት ስለሚያሳይ ውስጣቸው ሕያው እንደሆነ ይታያል። ሜችኒኮቭ የጽጌረዳ እሾህ ወስዶ ወጋቸው፤ በማግስቱ ሲመለከት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበው አገኘ። የእኛው ቀጋም ከጽጌረዳ ወገን ነው፤ ስለዚህ በጣርማበር እረኛ ተረከዝ ላይ የሚሆነውና በመሲና የታየው አንድ ነገር ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። በዘመኑ ብዙ ሊቃውንት እነዚህ ሕዋሳት ባክቴሪያን እየዋጡ በሰውነት ውስጥ ያዘዋውሩታል እንጂ አይጠቅሙም ይሉ ነበር። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1908 ሜችኒኮቭ ከፓውል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ኤርሊክ ቁም ነገሩ በደም ፈሳሽ ውስጥ ባሉት አንቲቦዲዎች ነው የሚለው ወገን ነበር፤ ሽልማቱ ለሁለት መከፈሉ ሁለቱም እውነት ይዘው እንደነበር ያሳያል።

የሁለቱ እውነት የሚገናኝበትን ቦታ ማንኛዋም ልጇን ጤና ጣቢያ የምታስከትብ እናት ታውቀዋለች፤ ስሙን ባታውቀውም። የሳንባ ምች ዋና አምጪ የሆነው ኒውሞኮከስ ራሱን በስኳር በተሠራ ካባ ይሸፍናል። ካባው አንሸራታች ነው፤ ዋጭ ሕዋሱ የሚይዝበት ቦታ ያጣል። ክትባቱ ሰውነት ካባውን የሚለይ አንቲቦዲ እንዲሠራ ያስተምረዋል። አንቲቦዲው በአንድ ጫፉ በካባው ላይ ይጣበቃል፣ በሌላው ጫፉ ለዋጭ ሕዋሱ መያዣ ይሆናል። አንሸራታቹ ባክቴሪያ እጀታ ወጣለት ማለት ነው። ኢትዮጵያ ይህን ክትባት ለሕፃናት መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

በሽታ በሌለበትም ዋጮቹ ሥራ አይፈቱም። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ይኖራል። ሲያረጅ በጣፊያና በጉበት ያሉ ማክሮፌጆች ይውጡትና ውስጡ ያለውን ብረት ለይተው ወደ ደም ይመልሳሉ፤ መቅኔው ያንን ብረት አንሥቶ አዲስ ደም ይሠራበታል። በቀን የሚመለሰው ብረት ከ20 እስከ 25 ሚሊ ግራም ይደርሳል፤ ከምግብ የምናገኘው ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ከደብረ ሲና ቁልቁል ተወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ወባ አለ፤ ወባ የያዛቸው ቀይ ሕዋሳትም የሚዋጡት እዚያው ጣፊያ ውስጥ ነው። ደጋግሞ ወባ የያዘው ልጅ ጣፊያው የሚያብጠው አንዱ ምክንያት ይህ የሥራ ብዛት ነው። ይህን በዚሁ ልለፈው፤ ዋናው ነገር ከፊታችን ነው።

የደሴ መኪና ደብረ ሲና ሲቆም ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ይከቡታል። ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ገብሱን ማድቀቅ አያቅተውም፤ በገብሱ መካከል ጠጠር ካለ ግን የሚሰበረው ጥርሱ ነው። ማክሮፌጅም ባክቴሪያ ሲያጋጥመው ይፈጫል፤ የድንጋይ ቅንጣት ሲያጋጥመው ግን ያለው ኢንዛይምና አሲድ ሁሉ ምንም አይፈይድም። ልዩነቱ፣ ቆሎ የሚበላ ሰው ጠጠሩን እንትፍ ማለት ይችላል። ማክሮፌጅ እንዲህ በቀላሉ አይተፋም።

የጣርማበር ተራራ እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ነው። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች በኢትዮጵያ ደጋ በብዙ ቦታ የሚገኘውን አንድ የባዛልት ዓይነት በዚሁ በር ስም ታርማበር ብለው ይጠሩታል። በደጋና በወይና ደጋ እንዲህ ያለው ድንጋይ በዝናብና በፀሐይ ለረጅም ዘመን ሲፈራርስ ቀይ ሸክላማ አፈር ይሆናል። በዚህ አፈር ውስጥ ዓይን የማያያቸው የሲሊከንና የአሉሚኒየም ማዕድን ቅንጣቶች አሉ። አፈሩ ለእህል ደግ ነው። በባዶ እግሩ ለብዙ ዓመት ሲያርስበት፣ ሲያርምበት፣ ከብት ሲከተልበት ለኖረ ሰው ግን ሌላ መዘዝ ሊያመጣ ይችላል፦ ዝሆኔ። በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ።

ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ሁለት የተለያየ ምንጭ አለው፤ መለየቱ ለሕክምናውም ይጠቅማል። አንደኛው ትንኝ የምታስተላልፈው ክር መሰል ትል የሚያመጣው ነው፤ እሱ በአብዛኛው የቆላ በሽታ ነው። ሁለተኛው ትል የሌለበት፣ ትንኝ የሌለበት የደጋና የወይና ደጋ ዝሆኔ ነው፤ ከእግር ጣት ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፣ ከጉልበት በላይ ግን ብዙም አያልፍም። ብሪታንያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ሲሠራ ይህን ሁለተኛውን ዓይነት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ተከታተለ። በሽታው ያለበትን ቦታ ከአፈሩ ካርታ ጋር ሲያስተያየው ቀዩን የእሳተ ገሞራ አፈር ተከትሎ የሚሄድ ሆኖ አገኘው። ከዚያም በባዶ እግር ከሚሄዱ ሰዎች ብሽሽት የንፍፊት ናሙና ተወስዶ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ የአፈሩ ማዕድን ቅንጣቶች በማክሮፌጆች ውስጥ ተዘግተው ተገኙ።

መንገዱን እንከተለው። የተሰነጠቀ ተረከዝ በር ነው። ደቃቁ ቅንጣት በስንጥቁ ገብቶ ከቆዳው ሥር ሲደርስ ማክሮፌጁ እንደ ማንኛውም እንግዳ ነገር ይውጠዋል። በእግር ውስጥ ከደም ሥር ሌላ የሊምፍ ቧንቧ የሚባል መስመር አለ፤ ከሕዋሳት መካከል የተረፈውን ፈሳሽ ሰብስቦ በብሽሽት ንፍፊት በኩል ወደ ደም ይመልሳል። ቅንጣቱን የዋጠው ማክሮፌጅ በዚሁ መስመር ይጓዛል፤ ነፃ ቅንጣትም በዚሁ ያልፋል። ሊፈጭ የማይችለውን የያዘ ማክሮፌጅ እየታወከ ይሄዳል። ላይሶሶሙ ይቀደዳል፣ ኢንዛይሙ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይፈሳል፣ ሕዋሱ የቁጣ መልእክት የሚያሰሙ ፕሮቲኖችን ይለቅና ይሞታል። ቅንጣቱ እንደ ነበረ ይቀራል። ሌላ ማክሮፌጅ መጥቶ ያንኑ ቅንጣት ይውጣል፤ እሱም እንደዚያው። እያንዳንዱ ዙር ጠባሳ ሠሪ ሕዋሳትን ይጠራል። ከዓመታት በኋላ የሊምፍ ቧንቧው ግድግዳ ይወፍራል፣ ይጠብባል፣ በመጨረሻም ይዘጋል። ወደ ላይ መመለስ ያቃተው ፈሳሽ እግር ውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ ማታ ማታ ያበጠው እግር ሌሊት ተኝቶ ሲያድር ይጎድላል፤ እየቆየ ግን መጉደሉን ይተዋል፣ ቆዳው ይጠነክራል፣ በጣቶቹ ላይ እንደ ሻካራ እባጭ ያለ ነገር ያበቅላል። ፋይፍ የተባለ ተመራማሪና ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት ሲሊካ በጥንቸል ሊምፍ ቧንቧ ውስጥ ሲጨመር ቧንቧው በጠባሳ ሲዘጋ አሳይተዋል።

አሁን አስቸጋሪው ጥያቄ ይመጣል፤ ፕራይስም ያስተዋለው ነው። በባዶ እግራቸው የሚሄዱ፣ እግራቸው ግን ጤነኛ የሆነ ሰዎችም በንፍፊታቸው ውስጥ ቅንጣቱ ነበራቸው። በአንድ ማሳ ያረሱ፣ በአንድ ወንዝ የታጠቡ ወንድማማቾች አንዱ ይታመማል፣ ሌላው ደህና ነው። ስለዚህ አፈሩ ብቻውን በሽታውን አያመጣም ማለት ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ በሽታው በቤተሰብ ውስጥ እንዴት እንደሚወርድ የተጠና ሲሆን፣ በሰውና በሰው መካከል ላለው የመታመም ልዩነት የዘር ድርሻ 63 በመቶ እንደሆነ ተገምቷል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2012 ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ በወላይታ ሰዎች ላይ ያደረጉት የዘረ መል ጥናት በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ወጣ። የተገኘው ልዩነት ያረፈው ኤችኤልኤ ክላስ ሁለት በሚባሉት ጂኖች ላይ ነው።

ይህ ግኝት ለእኔ ከሁሉ የሚያረካው ነው፤ ምክንያቱን ልናገር። ማክሮፌጅ የዋጠውን ከፈጨ በኋላ ፍርፋሪውን ሁሉ አይጥለውም። የተወሰነውን ቁራጭ በኤችኤልኤ ክላስ ሁለት ፕሮቲን ላይ አስቀምጦ ወደ ገላው ያወጣና ቲ ሕዋስ ለሚባሉ ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት ያሳያል። ቲ ሕዋሱ አይቶ እንግዳ ነው ካለ ቁጣውን ያበረታል። የሰው ልጅ እነዚህን ፕሮቲኖች በብዙ ዓይነት ነው የሚወርሰው፤ የአንዱ አንድን ቁራጭ አጥብቆ ይይዛል፣ የሌላው አይይዘውም። እንግዲህ ዘሩ የሚለየው ማን እንደዋጠና ማን እንዳልዋጠ አይደለም፤ ሁሉም ውጧል። የሚለየው ከተዋጠ በኋላ የሚሆነው ነው፤ ሰውነቱ ነገሩን ችላ ይለዋል ወይስ ዕድሜ ልኩን ይቆጣበታል?

ይህ ነገር በመንደር ወሬ ሲገባ አደጋ አለው። ዝሆኔ ያለበት ቤተሰብ ልጁን ለመዳር ይቸገራል፤ እርግማን ነው፣ በዘራቸው ነው፣ ይጋባል ይባላል። ተማሪ ከትምህርት ይቀራል፣ አዋቂው ከለቅሶና ከሠርግ ይሸሻል። ዘር አለበት የሚለውን ሳይንስ ሰምቶ «አላልኩም?» የሚል ሰው አይጠፋም። የሚወረሰው ግን በሽታው አይደለም፤ ቅንጣቱ ሲገባ የሚነሳው ቁጣ ነው። ጫማ ያደረገ እግር ቅንጣት አይገባበትም፤ ቅንጣት ያልገባበት እግር፣ ጂኑ የፈለገውን ይሁን፣ አያብጥም። ከሰው ወደ ሰውም ከቶ አይተላለፍም።

የጉዳቱን ስፋት ኢትዮጵያ ዘግይታ ነው የለካችው። እ.ኤ.አ. በ2013 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በ1,315 መንደሮች ወደ 130 ሺህ ሰዎች ታይተው፣ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው መካከል 4 በመቶው በሽታው ተገኝቶባቸዋል። ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቹ በዚሁ መረጃ ላይ ተመሥርተው በሠሩት ካርታ፣ አፈሩና አየሩ ለበሽታው የሚመች በሆኑት ወረዳዎች ወደ 35 ሚሊዮን ሕዝብ ይኖር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ችላ ከተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ችላ ከተባሉት መካከልም ለረጅም ጊዜ ችላ የተባለ ነበር ቢባል ያስኬዳል።

ሕክምናው ሜዳ ላይ ሲታይ ተራ ነገር ነው። እግርን በየቀኑ በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ በውኃ በጣም በቀጠነ በረኪና መዘፍዘፍ፣ ማድረቅ፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካስፈለገ በፋሻ መጠቅለል። የበረኪናው ነገር ቀደም ሲል ያነሣነው ነው፤ ኒውትሮፊሉ በከረጢቱ ውስጥ በሚሠራው ኬሚካል እዚህ ከውጭ በሳፋ እናግዘዋለን። ሊምፍ የማይመላለስበት እግር ባክቴሪያ ሲገባበት ማጽዳት ይከብደዋል፤ ስለዚህ በሽተኛው በየጊዜው ትኩሳትና የእግር መቃጠል እየተነሣበት አልጋ ላይ ይወድቃል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ ይህን እንክብካቤ ያገኙት ሰዎች ሕመሙ የሚነሣባቸው ጊዜ ካላገኙት በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። አንድ አምስተኛ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ያለ እንክብካቤ በዓመት ከሃያ ጊዜ በላይ ሕመሙ ይነሣባቸው ለነበሩ ገበሬዎች፣ ብዙ የእርሻ ቀን ነው።

ያው ታሪክ በሳንባም አለ። የኳርትዝ አቧራ የሚተነፍስ ድንጋይ ጠራቢ ወይም የማዕድን ቆፋሪ፣ በሳንባው ከረጢቶች ያሉት ማክሮፌጆች አቧራውን ውጠው ሲሞቱ ሳንባው ጠባሳ ይይዛል፤ ሲሊኮሲስ ይባላል። የኩበት ጭስ ደግሞ ሌላ ነው። መስኮት በሌለው ማድቤት እንጀራ ስትጋግር የኖረች ሴት የሳንባ ማክሮፌጆቿ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ጥቁር ነጠብጣብ የሞላባቸው ናቸው። ጥቀርሻው እንደ ኳርትዝ ሕዋሱን አይቀድደውም፤ ግን ቦታ ይይዛል፣ ባክቴሪያ ሲመጣም የመግደል አቅሙን ያዳክማል።

ድንጋይ ቢያንስ ሐሳብ የለውም። ዝም ብሎ አልፈጭም ይላል እንጂ ሕዋሱን ለማታለል አይሞክርም። ሮበርት ኮክ፣ ሜችኒኮቭ እሾሁን በተመለከተበት በዚያው ዓመት በ1882፣ የገለጠው የቲቢ ባክቴሪያ ግን ያታልላል። የሳንባ ማክሮፌጅ ሲውጠው እሺ ብሎ ይዋጣል፤ ከዚያ ከረጢቱ ከላይሶሶም ጋር እንዳይዋሐድና አሲድ እንዳይሆን የሚያግዱ ቅባቶችና ፕሮቲኖች ይለቃል። ሆድ ዕቃ ሊሆን የታሰበው ከረጢት ማረፊያ ክፍል ሆነለት። ሰውነት በበኩሉ ተስፋ አይቆርጥም፤ ሌሎች ማክሮፌጆችና ቲ ሕዋሳት ተሰብስበው የተያዙትን ከበው ይዘጉባቸዋል። ቲ ሕዋሳቱ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ፕሮቲን ይለቃሉ፤ ማክሮፌጁ ይህን ሲያገኝ እገዳውን አልፎ መፍጨት ይቻለዋል። አብዛኛው የተያዘ ሰው በዚህ ሁኔታ ሳይታመም ዕድሜውን ይጨርሳል። ኤችአይቪ ሲገባ የሚጠፉት በትክክል እነዚያ ኢንተርፌሮን የሚልኩት ቲ ሕዋሳት ናቸው፤ ተኝቶ የነበረው ቲቢ የሚነሣው ለዚህ ነው።

ከቲቢም የባሰ ድፍረት ያለው አለ። በኢትዮጵያ ደጋ ገደላማ ስፍራዎች ፊት ላይ ወጥቶ የሚቆይ ቁስል አለ፤ በብዙ ቦታ ቁንጭር ይሉታል፣ ሌላ ቦታ ሻህኝ። የሚያመጣው ሌሽማኒያ ኤትዮፒካ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከአገራችን ነው። በዓለት ስንጥቅ የሚኖረው ሽኮኮ ተሸካሚው ነው፤ የአሸዋ ዝንብ ከሽኮኮ ወደ ሰው ታመጣዋለች። ይህ ተሕዋስ የላይሶሶሙን መምጣት አይከለክልም። ይምጣ ይላል። አሲዱ ሲፈስ ጅራቱን ጥሎ ክብ ይሆንና እዚያው አሲድ ውስጥ ይራባል፤ ማክሮፌጁ ሲፈነዳ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ቲ ሕዋሳት ማክሮፌጁን በደንብ ሲያነቁት ቁስሉ በወራት ወይም በዓመታት ጠባሳ ትቶ ይሽራል። ማንቃቱ ባልተሳካባቸው ጥቂት ሰዎች ግን ተሕዋሱ በየቆዳው ይዛመታል፤ ከእብጠቱ ናሙና ሲወሰድ ማክሮፌጆቹ እስከ አፋቸው በተሕዋሱ ተሞልተው ይታያሉ። ቁስሉ ላይ ቅጠል ከመለጠፍ ወይም በጋለ ብረት ከመተኮስ ቀድሞ ጤና ተቋም መሄድ የሚመከረው፣ መልኩ ከሌላ የቆዳ በሽታ ጋር ስለሚምታታና መድኃኒቱም የተለየ ስለሆነ ነው።

የዚህ ተሕዋስ ዘመድ የሆነው ሌላኛው በቆዳ አይወሰንም፤ ወደ ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኔ ማክሮፌጆች ይዘልቃል። ካላዛርን የሚያመጣው እሱ ነው። ሰሊጥና ጥጥ ሊያነሡ ከደጋ ወደ መተማና ሑመራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች በሽታውን ያውቁታል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በሊቦ ከምከምና ፎገራ ተከስቶ ብዙ ሰው ፈጅቷል። ሕክምና ካላገኘ በአብዛኛው ይገድላል።

ለካላዛር ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ አምቢሶም ነው፤ አሠራሩ ከዚህ ሁሉ ጋር ይያያዛል። አምፎተሪሲን የተባለው ፈንገስና ሌሽማኒያ ገዳይ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ኩላሊት ይጎዳል። ስለዚህ በደቃቅ የስብ ጠብታዎች ውስጥ ታሽጎ በደም ሥር ይሰጣል። ጠብታዎቹ በደም ሲዘዋወሩ የጣፊያና የጉበት ማክሮፌጆች እንደ ልማዳቸው እንግዳ ነገር ነው ብለው ይውጧቸዋል፤ ስቡን ሲፈጩት መድኃኒቱ ተሕዋሱ ባለበት ሕዋስ ውስጥ ይለቀቃል። በሽታው የገባበት በር መድኃኒቱም የሚገባበት በር ሆነ።

ኤችአይቪ ባለባቸው የካላዛር ሕሙማን ግን ይህም ብቻውን በቂ ሆኖ አልተገኘም። መድኃኒቱ አብዛኛውን ተሕዋስ ይገድላል፤ የቀሩትን ጥቂቶች መጨረስ ያለበት ማክሮፌጁ ራሱ ነው፣ እሱም የቲ ሕዋሳቱን መልእክት ካላገኘ አይጨርሳቸውም። ስለዚህ በሽታው ከወራት በኋላ ያገረሻል። በጎንደርና በአብዱራፊ እነዚህን ሕሙማን ይዞ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አምቢሶምን ሚልቴፎሲን ከተባለ በአፍ ከሚወሰድ መድኃኒት ጋር አጣምሮ መስጠት የተሻለ መሆኑን አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ለምሥራቅ አፍሪካ ይህን ጥምረት መክሯል። ከጎኑ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ይሰጣል፤ ቲ ሕዋሳቱ ቁጥራቸው እስኪመለስና ማክሮፌጆቹ የዋጡትን መፍጨት እስኪጀምሩ ድረስ።